ሰማያዊ ማለት እምቢ አይደለም

አቺያው የላቦራቶሪውን በር በእርግጫ ከፍቶ ሲገባ የበሩ መስታወት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ተገንጥሎ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ በር እንዲመጣልኝ ስለምን የከረምኩት ሰው ነው። መጣልኝ።

«የታለ?» አለ።

«ምኑ?»

«‹የለም› ብለሽ የፈረድሽበት ብርጭቆ! የእህቴ!»

እጄ ሥራውን ያውቃልና መሳቢያውን ስቦ የእህቱን የኮናዱን ስላይድ አወጣ። አቺያው ነጠቀኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ በደህናው ዓይኑ አየው። ብርጭቆው ላይ የተለጠፈችው ቁራጭ ሥጋ የአውራ ጣት ጥፍር አታክልም።

«በዚህች ነው እህቴን የገደልሽብኝ?» አለና በመዳፉ ውስጥ ጨፈለቀው። ቋ ሲል ሰማሁት። ደሙ በክርኑ በኩል ወለሉ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ መዳፉን አልከፈተም።

ሌላዋ ብትሆን ትጮህ ይሆናል። እኔ የተሸካሚ ልጅ ነኝ። እናቴ ከሰሜን መጥታ፣ ኩማሲ ገበያ ውስጥ ሰው የገዛውን ሁሉ በጭንቅላቷ እየተሸከመች ነው እኔን ላሪባን አሳድጋ ነጭ ጋዋን ያስለበሰችኝ። ደም አይቼ አልጮህም። ክንዱን ይዤ ወደ ቧንቧው ጎተትኩት።

«መዳፍህን ክፈት!»

«ተይኝ!»

«ክፈት አልኩህ፣ አንተ ግትር! ወይስ የአንተንም ሥጋ እንደ ናሙና በሰም ልድፈነው?»

ከፈተ። ስንጥሩን በወረንጦ አንድ በአንድ ሳወጣለት፣ ያ መንገድ የሚሠራ፣ ድልድይ የሚያቆም መሐንዲስ እንደ ሕፃን ያለቅስ ጀመር።

«ኮናዱን በሰንሰለት አስረዋታል» አለኝ። «ጫካ ውስጥ፣ የጸሎት ካምፕ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ናና ሳርፖንግ የአንቺን ውጤት ቅጂ ቤተሰቡ ፊት አነበበው። ‹ሐኪም ቤቱ ራሱ ኪኒን የለም ብሏል፣ እንግዲህ ይህ የመንፈስ ነገር ነው› አለ። ጾም ላይ ናት። በዘንባባ ዘንግ ይገርፏታል። ትናንት ላወጣት ሄጄ በር ላይ አራት ሆነው ተቀበሉኝ፤ ይኸው ዓይኔ።»

ኮናዱ የአቺያው ብቸኛ እህት ናት። ቤተሰቡ በሙሉ እኔን ሲያይ ምራቁን ሲተፋ፣ እሷ ብቻ ናት ከጎኔ ተቀምጣ ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ምግብ የቆረሰችው። የግራ ጡቷን የቆረጡት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። «ናና» ብለን የምናከብረው ሽማግሌው ሳርፖንግ የእናታቸው ወንድም ነው፤ እዚህ ደግሞ ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ቤት ነው፣ አቺያውም የሚወርሰው አባቱን ሳይሆን እሱን ነው። ሽማግሌው «ሱፍ» ያለውን አቺያው «ጥጥ» ሊል አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጡት ካንሰር ሕዋስ አንዳንዴ አስኳሉ ውስጥ አንድ አዛዥ ፕሮቲን ያስቀምጣል። የሴት ሆርሞን ሲደርሰው ጂኖቹን «ተነሱ፣ ሥሩ» እያለ ያዛቸዋል፤ ዕጢው ያድጋል። ከጥንቸል ደም የተሠራው አንቲቦዲያችን ያንን አዛዥ አድኖ ይይዘዋል። ከያዘው አስኳሉ ቡናማ ይሆናል፤ ቡናማ ከሆነ የአዛዡን አፍ የሚዘጋ ኪኒን አለ። ካልያዘው አስኳሉ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ ኪኒኑም ዋጋ የለውም። የኮናዱ ሰማያዊ ነበር። ሐኪሙ ፈረመበት፤ መጀመሪያ አይቼ «የለም» ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

እጁን በፋሻ ጠምጥሜ እንደጨረስኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከስብርባሪው ትልቁን አንስቼ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት። ምናልባት ፊቱን ላለማየት ይሆናል።

ዕጢው ሰማያዊ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ከዕጢው አጠገብ ግን ጤነኛ የወተት ቧንቧዎች ነበሩ። ጤነኛ የጡት ቧንቧ ያንን አዛዥ በየመሃሉ ሊይዝ ግድ ነው፤ ጥቂት ቡናማ ነጥብ መታየት አለበት። ፈለግሁ። ስላይዱን ገፋሁ፣ መለስኩ። አንድም የለም። ጤነኛውም ሕመምተኛውም አንድ ላይ ሰማያዊ ነው።

ያን ቀን ለማመሳከሪያ ስላይዱ ዳር ላይ የምንለጥፋት የማሕፀን ቁራጭ አምሮባት ቡናማ ስለሆነች፣ መድኃኒቱ ሠርቷል ብዬ ጎረቤቶቹን ሳላይ ነበር የዘጋሁት። ዓይኔ ማይክሮስኮፕ ላይ፣ ልቤ አቺያው ያልመለሰልኝ ደብዳቤ ላይ ነበር። ይህ ሥጋ «የለኝም» አላለም። ይህ ሥጋ ጭራሹን አልተናገረም።

«አቺያው» አልኩ ሳልዞር። «ጡቷ ያለበትን ብልቃጥ ከቀዶ ጥገና ክፍል ተቀብለህ ቀጥታ ወደ እኔ ነው ያመጣኸው?»

የፋሻውን ጫፍ መነካካት ጀመረ።

«እያናገርኩህ ነው!»

«ናና ጋ አደረ» አለ በመጨረሻ። «የተቆረጠባትን ልየው ብሎኝ ወሰድኩለት። ቅዳሜ ነበር። በማግስቱ የሞቱ አባቶች የሚታሰቡበት የአዳይ በዓል ነው፤ በበዓል ቀን ከቤቴ ደም አይወጣም ብሎ ያዘው።»

«ሁለት ሌሊት? እንዳይበሰብስ ፎርማሊኑ ውስጥ ነበር ግን?»

«ሽታው አባቶችን ያባርራል ብሎ ደፋው። በአረቄ አጥቦ በጨርቅ ጠቀለለው። ሰኞ ጠዋት እዚህ በር ላይ ደርሼ ከጽዳት ሠራተኛዋ ፎርማሊን ለምኜ ሞላሁበት።»

በእጄ የነበረውን ወረንጦ ወረወርኩበት። ግንባሩን ስቶ ግድግዳውን መታ።

«ለምን አልነገርከኝም? ያ አዛዥ በስብሶ፣ በአረቄ ታጥቦ ምኑን ነው አንቲቦዲው የሚይዘው? ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ!» ብሎ ጮኸብኝ። «የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አጎቴ በእህቴ ሥጋ ላይ ለሙታን አረቄ ሲያፈስ ቆሜ አየሁ ብዬ ለአንቺ ልንገር? ለአንቺ?»

እሱ አፍሮ ዋሸኝ፤ እኔ ተከፍቼ አላየሁም። በሁለታችን መሃል አንዲት ሴት በሰንሰለት ታስራለች። በሕይወቴ ሰውን እንደዚያን ሰዓት ጠልቼ አላውቅም፤ እሱንም ራሴንም።

*

ከዚያ ትዝ ያለኝ የብብቷ እጢ ነው። ሐኪሙ ጡቷን ሲቆርጥ ከብብቷም ሥር ካንሰሩ የተዛመተባት አንዲት ያበጠች እጢ አውጥቶ ነበር። ለእሷ ዘመድ አልተጠራላትም፤ ነርሷ በትንሽ ብልቃጥ፣ ከነፎርማሊኗ፣ በዚያው ሰዓት ነው በእጇ ያመጣችልኝ። አንቲቦዲው በጠብታ የሚለካ ስለሆነ ለአንድ ሰው አንዱን ሥጋ ብቻ ነው የምንፈትነው። ስለዚህ እጢዋ በሰም ተደፍና መሳቢያ ውስጥ ተኝታ ነበር።

ቆረጥኳት። ሰሙን አሟሟሁ፣ ፕሬዠር ድስት ውስጥ ቀቀልኳት፣ አጠብኳት፣ ከጥንቸሉ አንቲቦዲ ሁለት ጠብታ ጣልኩባት። አንድ ሰዓት መጠበቅ አለበት። ሰዓቱን ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አቺያው በፋሻ የተጠመጠመ እጁን ታቅፎ ከፊቴ ተቀምጧል።

አንድ ሰዓት ከሚወዱትና ከሚጠሉት ሰው ጋር መቀመጥ ቀላል አይደለም።

«ሦስት ሳምንት የት ነበርክ?» አልኩት።

«አንቺስ?»

«እኔ ጽፌልሃለሁ። በኮናዱ እጅ ልኬልሃለሁ።»

በቃሌ የማውቀው ደብዳቤ ነው። «አጎትህ ፊት ቆመህ የማገባት እሷን ነው ብለህ ስሜን ጥራ። እምቢ ካልክ ምንም አትጻፍልኝ፤ ዝምታህ ይበቃኛል» ነበር ያልኩት። ዝም አለ፤ በቃኝ።

«መልሼልሻለሁ እኮ» አለ።

«መቼ?»

«ከብልቃጡ ጋር! በገዛ እጅሽ ተቀበልሽ፣ ዓይኔን እንኳ ሳታዪ ፊርማሽን አኑረሽ ገባሽ!»

«ከብልቃጡ ጋር የመጣው የሐኪም ማዘዣ ብቻ ነው። አታፍርም? በዚህም ትዋሻለህ?»

ተነሳ። ወንበሩ ተገለበጠ። ደህናው ዓይኑ ደም መሰለ። «ውሸታም ካልሽኝ ውሸታም ነኝ» አለ። «ፈልጊው አልልሽም። ከእንግዲህ ምንም አልለምንሽም። እህቴን ብቻ አውጪልኝ።»

የምመታበት ነገር ስፈልግ ሰዓቱ ጮኸ።

ሁለተኛውን መድኃኒት ጣልኩ፤ ከዚያ ቀለሙን። በዓይኔ እያየሁት፣ ያቺ ምንም የማትመስል እጢ መሃሏ ላይ ቡና እንደፈሰሰባት ጨርቅ ጠየመች። ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባኋት። አስኳሎቹ ቡናማ ናቸው። አንድ ሁለት አይደሉም፤ ጢም ብለው፣ ተደርድረው ቡናማ ናቸው።

«ና» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

አጎንብሶ አየ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነበር።

«ቡናማ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ኪኒን አለ ማለት ነው። እህትህ ኪኒን አላት።»

ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ተንሰቀሰቀ። ላቅፈው እጄን አነሳሁ፤ «ውሸታም» ያልኩት ትዝ ሲለኝ መለስኩት። እጄ አየር ላይ የቀረችበት ያቺ ቅጽበት ከጥፊ የባሰ አመመችኝ።

*

ሐኪሙ ከሰዓት መጥቶ ስላይዱን ሁለት ጊዜ አይቶ ፈረመ። በማግስቱ ጠዋት በመንገድ ሥራው ፒክአፕ ሄድን። ጭኔ ላይ የኮናዱ ፋይል ነበር፦ አዲሱ ውጤት ለብቻው፤ አሮጌው ደግሞ ያኔ እንደመታሁት በማዘዣው ጀርባ ላይ በስቴፕለር ተጣብቆ። ከኋላ አቺያው ትልቅ የብረት መቁረጫ ጭኗል።

የካምፑ በር በቀርከሃና በሽቦ የታሰረ ነው። ሦስት ጎረምሶች ዱላ ይዘው ወጡ።

«ከትናንት ወዲያ ያልጠገብከው ነገር አለ?» አለው አንዱ እየሳቀ።

አቺያው ወደ እኔ ዞሮ «ያዢ» አለኝና ነዳጁን ረገጠው። በሩ ከነምሰሶው ነቅሎ ኮፈኑ ላይ ወደቀ። ዶሮዎች ተበተኑ። በድምፅ ማጉያ ሲጸልይ የነበረው የካምፑ ነቢይ ጸሎቱን አቋርጦ «ያዟቸው! የሰይጣን ናቸው!» አለ።

ኮናዱ ማንጎ ዛፍ ሥር ነበረች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለው ሰንሰለት የውሻ አይደለም፤ የጭነት መኪና ነው። የደረቷ ስፌት በአንድ በኩል ተከፍቶ ነጠላ ልብሷ ላይ ደም ደርቋል። አየችኝና «ላሪባ፣ ውሃ ይዘሻል?» አለችኝ። ስለ ምንም አልጠየቀችም፤ ስለ ውሃ ብቻ።

ዱላው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ማን እንደመታኝ አላየሁም። ዞሬ ያገኘሁትን ክንድ ነከስኩ፤ ጨው ጨው አለኝ። በቡጢ አፌን ሲለኝ ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ አልለቀቅኩም። አቺያው በዚያ በቆሰለ እጁ አንዱን በጉሮሮው ይዞ ከዛፉ ጋር ያላትመዋል። እንደ ሰው አልነበርንም። መሬቱ ላይ የማን ደም እንደፈሰሰ የሚለይ ማይክሮስኮፕ የለም።

«በቃ!»

ናና ሳርፖንግ ነው። ነጠላ ጨርቁን በግራ ትከሻው ጥሎ፣ ጫፉ በብር የተለበጠ ዘንጉን ይዞ ከጸሎቱ ዳስ ወጣ። ጎረምሶቹ ለቀቁን። ፋይሉን ይዤ ወደ እሱ ሄድኩ፤ ከአፌ የሚወርደው ደም ወረቀቱን እያበላሸው ነበር።

«ናና፣ ኪኒን አላት» አልኩት። «የመጀመሪያው ውጤት ስህተት ነው። ግማሹ ስህተት የእኔ ነው። ግማሹ የእርስዎ አረቄ ነው።»

«ማን ነሽ አንቺ?»

«የተሸካሚዋ ልጅ ነኝ። በደንብ ያውቁኛል።»

ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ያንን አሮጌውን ውጤት ገነጠለና ፊቴ ላይ ወረወረው፤ ማዘዣውን ጭምድድ አድርጎ መሬት ላይ ጣለው። «ትናንት የለም ያለች ዛሬ አለ ትላለች! የእህቴን ልጅ ላግባ ብላ የማትቀባጥረው ምን አለ? ገበያ ሂጂ፣ ሸክም ይጠብቅሻል!»

አቺያው የብረት መቁረጫውን አንስቶ ወደ ሰንሰለቱ ሄደ።

«ያንን ሰንሰለት ከነካህ» አለ ናና፣ «የእኔ ልጅ አይደለህም። ቤት የለህም፣ መሬት የለህም፣ ስትሞትም የሚቀብርህ የለም።»

አቺያው መቁረጫውን ብረቱ ላይ ገጠመ። ዘንጉ ከላይ ወረደና ራስ ቅሉ ላይ አረፈ። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። በጉልበቱ ወደቀ፤ መቁረጫውን ግን አልጣለም። ናና ዘንጉን ሁለተኛ አነሳ።

«ይምቱት» አለች ኮናዱ።

ዛፉን ይዛ ቆማለች።

«ይምቱት፣ ናና። ከዚያ እኔን ይምቱኝ። ከዚያ ሁለቱን ሴት ልጆቼን። ከዚያ ቤቱን ለማን ያወርሱታል? እናቴ የወለደቻት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። እርስዎ የቤቱ አለቃ ነዎት፤ ቤቱ ግን እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቤትዎን ነው በሰንሰለት ያሰሩት።»

ነቢዩ ማጉያውን ከአፉ አወረደ። ናና ሳርፖንግ ዘንጉን እንዳነሳ ቀረ። ዓይኑ የእሷን የተከፈተ ስፌት ሲያይ ያየሁት ያኔ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲሸሸው የከረመ ይመስለኛል። ክንዱ ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ እኔ ዞረ፣ ጮክም ሳይል ጠየቀኝ።

«በእኔ አረቄ ነው?»

ልጨክንበት እችል ነበር። አፌ ውስጥ ደም ነበረና ምክንያትም ነበረኝ።

«አዎ፣ ናና» አልኩት። «አባቶች እንዲጠብቋት ብለው ነው ያደረጉት፤ አውቃለሁ። ግን በእርስዎ አረቄ ነው።»

ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሰንሰለቱ ሲበጠስም አልዞረም፤ ትከሻው ግን ድምፁ በተሰማ ጊዜ ድንግጥ አለ። ስጠላው የኖርኩትን ሽማግሌ አዘንኩለት፤ በማዘኔም ተናደድኩ።

*

ኮናዱን መሃላችን አስቀመጥናት። አቺያው ራሱን በሸሚዙ ቁራጭ አስሮ መሪውን ይዟል፤ ቁልፉን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከረ። እሷ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጠጥታ ጨርሳ፣ ከመሬት አንስታ በመዳፏ ይዛው የመጣችውን ጭምድድ ወረቀት መዘርጋት ጀመረች። ማዘዣው ነው። ውጤቴ ተገንጥሎለት ጀርባው ተራቁቷል።

«ይኼ የወንድሜ ጽሑፍ አይደለም እንዴ?» አለች።

አቺያው ቁልፉን ማዞሩን ተወ።

ኮናዱ ጮክ ብላ አነበበችው። «‹ላሪባ፣ አዎ። ዛሬ ማታ ናና ፊት ስምሽን እጠራለሁ። ሐሳብሽን ካልለወጥሽ አንዲት ቃል ጻፊልኝ። ዝም ካልሽ እምቢ ማለትሽ ነው፣ ይገባኛል።›»

ሦስት ሳምንት ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። «አዎ» የሚለውን፣ ጀርባውን ሳላይ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ ስቴፕለሬ፣ «የለም» በሚል ወረቀት ደፍኜው ነበር።

«ጠርቶሽ ነበር እኮ» አለችኝ ኮናዱ። «ስምሽን በሁሉም ፊት ጠራ። ያን ማታ ነው ከቤት ያባረሩት። እኔን ሊወስዱኝ ሲመጡ ቤት ያልነበረው ለዚያ ነው።»

ተንጠራርቼ በኮናዱ ራስ ላይ፣ በደህናው ጉንጩ በኩል በጥፊ አልኩት። ጥፊው ጥሩ አድርጎ ጮኸ።

«ይኼ ስለ አረቄው ነው» አልኩት። ከዚያ ያንኑ ጉንጩን፣ በዚያ በተሰነጠቀ ከንፈሬ ሳምኩት። ሁለታችንንም አመመን። «ይኼ ደግሞ ስለ ጀርባው። ውሸታም ስላልኩህ ይቅር በለኝ።»

«እንግዲህ መልሱን ንገሪኝ» አለ። ከተደፈነው ዓይኑ እንባ ይወርዳል። «በዝምታ አይደለም። በአፍሽ።»

«አዎ» አልኩት። «አዎ። አዎ። ስንት ጊዜ ልበልልህ?»

ኮናዱ ስፌቷን በእጇ ደግፋ ሳቀች፤ እያመማት ሳቀች። «ኧረ ንዳው ወንድሜ!» አለች። «ኪኒኔን ልዋጥ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ተገዳደሉ።»

መኪናው ተነሳ። ወረቀቱን ከእሷ ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስተካክዬ ዘረጋሁት፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ።